ከ59፡59 በፊት

ቂሊንጦ እኖራለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «መቼ ተፈታህ?» ብሎ ነው። ቀልዱ ያረጀ ቢሆንም እስቃለሁ። ማረሚያ ቤቱ ቀድሞ ስሙ ስለወጣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ቢራ ፋብሪካውም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ እኛ ያለንበት ኮንዶሚኒየምም ተከታትለው ቢመጡም ሊያስረሱት አልቻሉም። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ማለዳ ማለዳ እንደምሮጥ ሲሰሙ ነው፤ «ለየትኛው ክለብ?» ይላሉ። ክለብ የለኝም። ይህ የማወራው ነገር በሆነበት ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. አርባን ተሻግሬ ነበር፤ የአንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ያለኝ ሜዳሊያም ታላቁን ሩጫ የጨረሰ ሁሉ አንገቱ ላይ የሚጠልቅለት ነው። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ምን ታገኝበታለህ?» ይከተላል። ማታ ማታ ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር እየፈታሁ እገጥማለሁ ብል የሚመጣውን ስለማውቅ ዝም እላለሁ።

የአበበና የኃይሌ አገር ሰው ዝም ብሎ መሮጥ አይፈቀድለትም። ወይ ታሸንፋለህ፣ ወይ ሐኪም አዞሃል፣ ወይ ታክሲ አምልጦሃል። እሑድ ማለዳ በማረሚያ ቤቱ በኩል ሳልፍ ስንቅ የያዙ እናቶች ከታክሲ እየወረዱ ይሰለፋሉ፤ ሳህኑ በነጠላ ጨርቅ ታስሮ፣ ከላዩ ሌላ ፌስታል ተደርቦበት። አንዲት እናት አንድ ቀን አስቁመውኝ «ልጄ፣ ማን አባረረህ?» አሉኝ። ማንም እንዳላባረረኝ፣ ለጤናዬ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «ጤናህንማ እግዜር ይጠብቅልህ፤ እንዲህ አታባክነው» ብለው ሰልፋቸውን ያዙ።

መንገዱ ግን ለሯጭ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የአቃቂ ሜዳ ከፍታው 2,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከ3,000 በላይ ከሚሆነው እንጦጦ ጋር ሲነጻጸር አየሩ ወፈር ይላል፣ ዳገትም የለውም። ዋናዎቹ ሯጮች ፍጥነት መሥራት ሲፈልጉ በሰርቪስ ወደ አቃቂ በኩል የሚወርዱት ለዚህ ነው። ክረምት ላይ ግን ከአስፋልት ከወጣህ ጉድህ ፈላ። ዋልካው ጫማ ሥር ይለጠፍና በየእርምጃው ይወፍራል፤ ትንሽ ከሄድክ በኋላ ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረግህ ይመስልሃል። ስለዚህ እስከ መስከረም በአስፋልቱ ዳር ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፋሁ ነው የምሮጠው። ንፋሱ ከቢራ ፋብሪካው በኩል ሲነፍስ የሚፈላ ብቅል ሽታ ይመጣል፤ የሴት አያቴን የጠላ ጋን ክዳኑን የከፈቱት ያህል ነው። ባዶ ሆዱን ለሚሮጥ ሰው ፈተና ነው።

ከዋናዎቹ ጋር አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ተገናኝተናል። ሰርቪሳቸው ዳር ቆሟል፤ እነሱ አሥር የሚሆኑ ልጆች ተጠጋግተው ከኋላዬ መጡ። የሰማሁት መጀመሪያ ኮቴያቸውን ሳይሆን ወሬያቸውን ነው። ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። በዚያ ፍጥነት እየሮጡ ስለ ቤት ኪራይ! ከጎናቸው ለመቆየት ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፤ እስከሚቀጥለው የመብራት ምሰሶ እንኳ አልደረስኩም። የመጨረሻው ልጅ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ በርታ!» አለኝ። ትንፋሽ ስለሌለኝ በእጄ አመሰገንኩት።

የእኔ ግብ ከእነሱ ጋር አይገናኝም። የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በታች መጨረስ ነው፤ ኪሎ ሜትሩን ከስድስት ደቂቃ ባነሰ። ይህ ቁጥር ከየት መጣ ብትሉ ከእጅ ሰዓቴ ነው። ከሱቅ በደረቴ የገዛሁት ጥቁር ፕላስቲክ ካሲዮ አለኝ፤ ግማሹ የአዲስ አበባ ወንድ አንድ ጊዜ አስሮት የሚያውቀው፣ ኤፍ 91 የሚባለው። ሩጫ መቁጠሪያው እስከ መቶኛ ሰከንድ ይለካል፤ ግን 59 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ካለፈ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል። ለእሱ አንድ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። በ2010 ዓ.ም. ታላቁን ሩጫ ጨርሼ ቤት ስገባ ያኔ አምስት ዓመት የሆነው ልጄ ሰዓቴን አየና «አባዬ በሰባት ደቂቃ ጨረሰ!» ብሎ ደረጃውን ሁሉ እየጮኸ ወረደ። የብሎኩ ጥበቃ በማግስቱ እንኳን ደስ አለህ ብሎኛል። እንግዲህ ያ ሰዓት ሳይዞር መድረስ አለብኝ ብዬ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ታላቁን ሩጫ ከጅማሬው ነው የማውቀው። ኅዳር 1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲካሄድ ሥራ ፈላጊ ወጣት ነበርኩ፤ ስታዲየም አካባቢ ዳር ቆሜ አየሁት። አሥር ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ መንገዱን ሞልቶ ሲመጣ ሰልፍ ነው ወይስ ግርግር ብሎ የሸሸ ሰው ከጎኔ ነበር። አዘጋጁ ኃይሌ ራሱ ሮጦ ራሱ አሸነፈ። ያኔ አፌን ከፍቼ ያየሁት ግን ኃይሌን አልነበረም። ከሱ በጣም፣ በጣም ርቀው የመጡትን ነው፤ ክራቫት ያሰሩ፣ ሕፃን ትከሻቸው ላይ ያስቀመጡ፣ ቦርጫቸው ካናቴራውን የወጠረው ጎልማሶች። ማንም ምን ታገኛላችሁ አላላቸውም። በዓመት አንድ ቀን የሚከበር የእኔ ቢጤዎች በዓል ሆኖ ታየኝ።

ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ። መርካቶ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት የገዛሁት ዴስክቶፕ ነበር፤ ስሙን ተዉት። ሻጩ ፊቴ አብርቶ አሳየኝ፣ ቤት ስወስደው ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚደረገው ራሙን መንቀልና ወርቅማ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ ማሸት ነው። ቀልድ አይደለም፤ ዝገቱን ያነሳል፣ ከሚያስከፍልህ ጠጋኝ ግማሹ የሚሠራው ይህንኑ ነው። አልሆነም። የእጅ ባትሪ ይዤ ማዘርቦርዱን ስመረምር ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ከተደረደሩት ካፓሲተሮች አራቱ አናታቸው አብጧል፤ ጤነኛ ካፓሲተር አናቱ ጠፍጣፋ ነው። አንዱማ ቡናማ ነገር አስታውኳል። ከሌላ ከሞተ ቦርድ ላይ ተመሳሳዮቹን ነቀልኩ። ማይክሮፋራዱ እኩል መሆን አለበት፤ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ቢሆን ግድ የለም። ነጩ መስመር ያለበት በኩል ኔጌቲቭ ነው፤ ገልብጦ የበየደ ሰው ፍንዳታውን ሰምቶ ይማራል። መበየጃውን አግዬ፣ ባለቤቴ መስኮት ከፍታ «የልጁን ሳንባ!» እያለች፣ ሌሊቱን አራቱንም ቀየርኳቸው። ሳበራው አንዲት አጭር ጩኸት ሰማሁ። ይህን ጩኸት የማያውቅ ሰው ምን እንደሆነ አይገባውም፤ ማሽኑ ራሱን መርምሮ ደህና ነኝ ማለቱ ነው።

ዊንዶውሱ ለዚያ ራም ስለከበደ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንዱ በፍላሽ ያመጣልኝን ቀላል ሊኑክስ ጫንኩበት። ከሊኑክስ ጋር ትውውቃችን የቆየ ነው፤ የኡቡንቱ ሰዎች እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ሲዲያቸውን በነጻ በፖስታ ይልኩ ነበር፤ በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ፖስታ ሳጥን ቁጥር አስልኬ ስቀበል የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከውጭ አገር ዕጣ የወጣልኝ መስሏት ነበር። በዚህ ማሽን ላይ የሩጫ መዝገብ መያዝ ጀመርኩ፤ ቀን፣ ርቀት፣ ደቂቃ፣ የአየሩ ጠባይ። በስልኬ ያለው መተግበሪያ ይህን ሁሉ ይሠራል፤ ግን ወሩ የፈረንጅ ነው፣ ሰዓቱ የፈረንጅ ነው፤ በማለዳ 12 ሰዓት ከሩብ የወጣሁትን 6፡15 ይለዋል። የእኛን አቆጣጠር እንዲይዝ ከኢንተርኔት ያወረድኩት ሌላው ደግሞ ስሙን ቀይሮ እንጂ ወሩ ያው 12 ነው። ጳጉሜን የለውም።

ይህ የታወቀኝ ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የምትመጣዋ ስድስተኛ ቀን። የዓመቱ መዝጊያ ነው ብዬ ረጅም ሮጬ፣ ላቤ ሳይደርቅ ቁጭ ብዬ ላስገባት ስል «የሌለ ቀን» አለኝ። ተናደድኩ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ መዝገብ ከሄድን የአፍሪካ ጥቁር ሕዝብ ትልቁ ሩጫ የተሮጠበት ቀን የለም ማለት ነው! ባለ 13 ወር መዝገብ ራሴ ልጽፍ ተነሣሁ።

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሪው ትንሽ አስጀምሮኛል። የመጀመሪያው ጣጣ ፊደሉ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ «መስከረም» መሆን ያለበት ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ይሰለፋል። ግዕዝ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፣ «ሀ» ከ1200 ይጀምራል። የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነበርና አወረድኩለት። ዋናው ራስ ምታት ግን የቀኑ ስሌት ሆነ። መስከረም 1 በምን ቀን ይውላል? ጳጉሜን መቼ ስድስት ይሆናል? ወረቀት ይዤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስቸገር መሪጌታ አገኙኝ።

መሪጌታ ከሥር ከምድር ቤት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ማለዳ ከኪዳን ሲመለሱ እኔ ከሩጫ ስመለስ በር ላይ እንገናኛለን።

«ምን ይዘህ ነው እንዲህ የተከዝክ?» አሉኝ።

«የቀን ስሌት ነው፣ መሪጌታ። ለኮምፒውተር ላስተምረው ፈልጌ።»

«ባሕረ ሐሳብ ነዋ! ለማሽን ነው የምታስተምረው? አንተስ ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም ነበር። መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ። «ዘንድሮ ስንት ነው የሚገባው? 2012። 5500 ጨምርበት። 7512 ዓመተ ዓለም። ሩቡን ውሰድ።» ስልኬን ሳወጣ እጄን ያዙኝ። «1878። ደምረው። 9390። በሰባት ግደፈው። ሦስት ይቀራል። አንድ ማክሰኞ ነው፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ።» መስከረም 1 በማግስቱ ነበር፤ ሐሙስ። «አሁን 7512ን በአራት ግደፍ። ምንም አይተርፍም፣ ዮሐንስ ነው። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ። በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ዛሬ የሉቃስ መጨረሻ አይደል?»

ፕሮግራሙ ውስጥ ይህ አንድ መስመር ሆነ፦ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ከተረፈ፣ ስድስት ቀን። ፓይተን «ተራፊ» የሚያወጣበት የራሱ ምልክት አለው፤ ለመሪጌታ ሳሳያቸው «ይኸ መግደፍ ነው» አሉ። ያን ሰሞን ማታ ማታ እየመጡ ወንበሩንም አስተማሩኝ፤ ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈህ ከተራፊው አንድ ትቀንሳለህ፤ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ አበቅቴ፣ በ19 አባዝተህ ስትገድፍ መጥቅዕ። ለ2012 ወንበሩ 6፣ አበቅቴው 6፣ መጥቅዑ 24። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ አልመጣ ካለ ስሌቱ ተበላሽቷል። ይህን ከአውሮፓ የመጣ የፕሮግራም መማሪያ «ስህተት መፈተሻ» ብሎ በአንድ ምዕራፍ ያስተምረዋል። መሪጌታ በጣታቸው አንጓ ነው የሚሠሩት፤ ደግሞም ከኔ ማሽን ይቀድማሉ፤ ማሽኑ እስኪነሳ ድረስ እሳቸው ፋሲካን አውጥተው ይጨርሳሉ።

የመስቀል ማግስት፣ እሑድ መስከረም 18፣ የበርሊን ማራቶን ነበር። ልጄና እኔ ኮምፒውተሩ ፊት፣ ባለቤቴ ከቡና ጋር። ቀነኒሳ በቀለ ጉዳት ላይ ከርሞ፣ አበቃለት ተብሎ ነው የተነሳው። ሠላሳውን ኪሎ ሜትር ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ ሲቀር «በቃ» አልኩ። ብርሃኑ ለገሠ ፊት ነው። ልክ ያን ጊዜ መብራት ሄደ። ዩፒኤሴ ባትሪው የደከመ ነው፤ ጮኾ ጮኾ ከመሞቱ በፊት የሰጠን ቀነኒሳ ትከሻውን ሲያስተካክል ብቻ ነው። ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ አባ ሳሙኤል፣ ከኛ ብዙ የማይርቅ ጎረቤታችን መሆኑን እንዲህ ባለ ሰዓት ማስታወስ አያጽናናም። ደረጃውን በሩጫ ወርደን ጥበቃው ሬዲዮ ላይ ተደፋን። ቀነኒሳ ደርሶበት፣ አልፎት፣ 2፡01፡41 ገባ። ከያኔው የኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ! ብርሃኑ ሁለተኛ፣ ሲሳይ ለማ ሦስተኛ፤ ጥበቃው ዱላውን እያወዛወዘ ግቢውን ዞረ።

መብራት ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ቁጥሩን መዝገቤ ውስጥ ማስገባት ነበር። ለአንድ ኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ። ልጄ «አባዬ፣ አንተ አብረኸው ብትነሣስ?» አለኝ። ፕሮግራሙ መለሰለት፦ ኪሎ ሜትሩን በስድስት ደቂቃ እሄዳለሁ ብንል ቀነኒሳ ሲገባ እኔ 20ኛውን ገና ማለፌ ነው፤ ግማሽም አልደረስኩም። ልጄ ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየና «ግን እኮ እየመጣህ ነው» አለ።

የኅዳር 2012ቱ ታላቁ ሩጫ ለእኔ የተከፈተው በሰው ጀርባ ነው። ፈጠን የሚሉት ቀድመው ይለቀቃሉ፤ እኛ ደግሞ ጡሩምባ ነፊውን፣ ጨፋሪውን፣ አጥር ሥር ቆሞ ፎቶ የሚነሣውን እያለፍን እንከተላለን። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በእግር ሄድኩት ማለት ይቀላል። ከፊቴ ወጣቶች ክብ ሠርተው እስክስታ ይመታሉ፣ መሐል መግባት እንጂ ማለፍ አይቻልም። ማለቂያው ሲታየኝ ካሲዮዬን አየሁ፤ 59፡48 ይላል። ሮጥኩ። መስመሩ ላይ ስደርስ 1፡05 ይል ነበር። ዞሯል።

ከዚያ ኮሮና መጣና የቀጣዩ ዓመት ሩጫ ከኅዳር ተነሥቶ ወደ ጥር 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ተሸጋገረ። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም ሲጀምር አካባቢ ነው የምንሮጠው፤ ጥር 2 ግን ከገና ሦስት ቀን በኋላ ነው። ባለቤቴ ዶሮ ሠርታለች፣ የሥጋ ቅርጫም አለ፤ እኔ ደግሞ ለሩጫ ብዬ የበዓል ማዕድ የምገፋ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ሆዴን ይዤ ነው የተነሣሁት። ግን ተሳታፊው በእጅጉ ተቀንሶ ስለነበር መንገዱ ሰፊ ነው፣ ጨፋሪ የለም፣ ሁሉም ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ዝም ብሎ ይሮጣል። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዶሮው ራሱን አስታወሰኝ። መስመሩን ስረግጥ የሰዓቱን ቁልፍ ተጫንኩ፤ 59፡37።

ማታ መዝገቡን ስሞላ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ «ጾም» እና «ፍስክ» የሚል። የድሮዎቹንም ቀኖች በመሪጌታ ስሌት ለይቶ ራሱ እንዲሞላው አደረግሁ፤ አጽዋማቱን አስተምረውኝ የለ! ፕሮግራሙ አማካዩን አወጣ። በፍስክ ቀን ኪሎ ሜትሩን በስምንት ሰከንድ እፈጥናለሁ። ባለቤቴ ስክሪኑን አይታ «ዶሮው ነው» ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማም አደረገች። መሪጌታ በማግስቱ ከኪዳን ሲመለሱ በር ላይ አስቆሙኝ።

«ያን ስሌት ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?»

«ቁጥሩ ነው የሚለው፣ መሪጌታ።»

«ስንት ሰከንድ አልክ?»

«ስምንት።»

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው ትንሽ አሰቡ። «ስምንት ሰከንድ ለምን ይጠቅምሃል?» አሉኝና ወደ ቤታቸው ገቡ። ዓምዱን አላጠፋሁትም። ዐቢይ ጾም ሲገባ አብሮኝ የሚነሣ አንድ ጎረቤት አግኝቻለሁ፤ ሰዓቱ አዲስ ነው፣ አንድ ሰዓት ሲያልፍም አይዞርም።